የእንግሊዝ መንደሮች ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝ አገር ከከተማ ወጣ ካላችሁ፣ ጥቂት ቤቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ የድንጋይ ማማ ብቅ ይላል። ከማማው ሥር ያለው ቤተ ክርስቲያን ብዙ ጊዜ 700 እና 800 ዓመት ያስቆጠረ ነው። ስለነዚህ ሕንፃዎች የሚነሳው ጥያቄ ብዙ ነው። እኔ ግን አንዷን ጥያቄ ያልያዘ ሰው ሕንፃውን አይቶ አያየውም ባይ ነኝ፦ ገንዘቡን ማን ከፈለ? ከታች ያሉት መልሶች ዞረው ዞረው እዚያው ይመጣሉ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መካከለኛው ዘመን ሲባል የትኛው ጊዜ ነው?

በደፈናው ሮማውያን ደሴቲቱን ለቀው ከወጡበት ከ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስከ 1500 ገደማ ያለው ነው። ዛሬ ቆመው የምናያቸው አብዛኞቹ የመንደር አብያተ ክርስቲያናት ግን ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች አገሩን በ1066 ከያዙ በኋላ የተሠሩ ወይም እንደ አዲስ የታነፁ ናቸው።

ከዚያ በፊት የነበሩም አልጠፉም። በሰሜን እንግሊዝ ደረም አካባቢ ኤስኮም የሚባል ትንሽ መንደር አለ። ቤተ ክርስቲያኑ የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሥራ ነው። ግንበኞቹ ድንጋይ ፍለጋ ብዙ አልደከሙም። በአቅራቢያው የፈረሰ የሮማውያን ምሽግ ነበርና የተጠረበውን ድንጋይ ከዚያ እያመጡ ገነቡበት። በኤሴክስ ግሪንስቴድ ደግሞ ግድግዳው እንጨት ነው። ለሁለት የተሰነጠቁ የኦክ ግንዶች ጎን ለጎን እንደቆሙ ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አሉ።

እያንዳንዱ መንደር የራሱ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ኖረው?

መጀመሪያ ላይ አልነበረውም። አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ አገር ያገለግል ነበር። ካህናቱም ከዚያ እየተነሱ በየመንደሩ ይዞሩ ነበር። ከ10ኛው እስከ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ባለርስቶች በየግዛታቸው የራሳቸውን መሥራት ጀመሩ። ነገሩ መንፈሳዊ ብቻ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ያለው ጌታ ክብር አለው። ካህኑን የሚመርጠው እሱ ነው፤ ይህ የመምረጥ መብት ደግሞ እንደ ንብረት የሚሸጥ፣ የሚለወጥና ለልጅ የሚወረስ ነበር። የኖርማኖቹ ንጉሥ ዊልያም በ1086 ባስጻፈው የአገሪቱ የመሬትና የሀብት መዝገብ ላይ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከወፍጮውና ከግጦሽ መሬቱ ጋር እንደ አንድ ንብረት ተቆጥረው ይገኛሉ።

አንዳንድ ቦታ ቤተ ክርስቲያኑ ከመንደሩ ርቆ ሜዳ ላይ ብቻውን ሲቆም ሰው ግራ ይገባዋል። አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የተሠራው ለገበሬው እንዲመች ሳይሆን ከጌታው ግቢ አጠገብ እንዲሆን ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ መንደሩ ራሱ ቦታ ቀይሮ ነው።

አሥራቱስ?

የአጥቢያ ወሰን በጥብቅ የተሰመረው በአሥራቱ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ከእህሉ፣ ከበግ ጠጉሩ፣ ከግልገሉ፣ ከወተቱ፣ ከማሩ ሁሉ አንድ አሥረኛ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ስለዚህ ይህ ማሳ የየትኛው አጥቢያ ነው የሚለው ጉዳይ ቀልድ አይደለም።

በኋላ ገዳማት የመንደር አብያተ ክርስቲያናትን እየጠቀለሉ ያዙ። ዋናውን የእህል አሥራት ገዳሙ ይወስዳል። በቦታው ለሚያገለግለው ምስኪን ካህን የሚቀርለት ትንንሹ ነው፤ የዶሮውና የጓሮው። አሥራት በዓይነት መክፈል የቀረው በ1836 በወጣ ሕግ ሲሆን በገንዘብ ተተክቷል።

የሕንፃው ግማሽ ያማረ፣ ግማሹ ተራ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው።

የእንግሊዝ የመንደር ቤተ ክርስቲያን ሁለት ዋና ክፍል አለው። በምዕራብ በኩል ሕዝቡ የሚቆምበት ሰፊው ክፍል አለ፤ ኔቭ ይሉታል። በምሥራቅ በኩል ካህኑ መሥዋዕተ ቅዳሴውን የሚያቀርብበት ጠበብ ያለው ክፍል አለ፤ እሱ ቻንሰል ነው። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጥገናው ኃላፊነት እንዲህ ተከፈለ፦ የምሥራቁን ክፍል የሚጠግነው አሥራቱን የሚበላው ወገን ነው። የምዕራቡን ክፍል የሚጠግነው ሕዝቡ ነው።

ውጤቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ሕዝቡ ገንዘብ ባገኘ ቁጥር የራሱን ክፍል ያሰፋል፣ ጣሪያውን ከፍ ያደርጋል፣ መስኮት ይጨምራል። ሩቅ ያለው ባለ አሥራት ግን ምን ቸገረው? ዝናብ እስካላስገባ ድረስ የእሱ ክፍል እንደ ድሮው ይቀመጣል። በብዙ መንደር ሰፊና ብርሃን የሞላበት ኔቭ ከአንድ ዝቅ ካለ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቻንሰል ጋር ተጣብቆ የምታገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሕግ ሞቶ የተቀበረ እንዳይመስላችሁ። በዎሪክሸር አስተን ካንትሎ የሚባል መንደር አለ። እዚያ የእርሻ መሬት የወረሱ ባልና ሚስት የቻንሰሉን ጥገና ክፈሉ ተባሉ። መጀመሪያ የተጠየቁት 95 ሺህ ፓውንድ ገደማ ነበር። መሬታቸው ከዘመናት በፊት በአሥራት ምትክ የተሰጠ ስለነበር ዕዳው አብሮ ከመሬቱ ጋር መጥቷል። ክርክሩ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ሰሚ ድረስ ሄዶ በ2003 ተፈረደባቸው። ከዚያ በኋላ መንግሥት እንዲህ ያለ ዕዳ እስከ ጥቅምት 2013 ድረስ በመሬት መዝገብ ካልሰፈረ፣ መሬቱን ከዚያ ወዲያ በገንዘብ የሚገዛ ሰው እንዳይጠየቅበት ደነገገ። ዛሬም እንግሊዝ አገር ቤት የሚገዛ ሰው ጠበቃው ይህን ሲያጣራለት ያያል።

ዕድሜውን እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

መስኮትና በር እዩ። ግማሽ ክብ ቅስት ካለው ብዙውን ጊዜ ከ1200 በፊት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫፉ የሾለ መስኮት የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የመስኮቱ አናት ላይ ድንጋዩ እንደ ሐረግ የሚጠማዘዝ ከሆነ ወደ 14ኛው መጀመሪያ ጠጋ በሉ። ሰፊ መስኮት ሆኖ ቀጥ ቀጥ ያሉ የድንጋይ ዘንጎች እስከ ላይ ከወጡ ከ1350 እስከ 1530 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው።

ግን አንድ መስኮት አይታችሁ ስለ ሕንፃው ሁሉ አትፍረዱ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አራቱም ሊገኙ ይችላሉ። ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ነው የሚሠራው፤ ሲያልቅበት ያቆማል።

ሕዝቡ ተቀምጦ ነበር የሚያስቀድሰው?

ለብዙ ዘመን ቆሞ ነበር። ደካማና ሽማግሌ ግድግዳው ሥር ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ያርፋል። የእንጨት አግዳሚ ወንበር በብዛት የገባው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

ክፍሉ ለቅዳሴ ብቻም አልነበረም። ስብሰባ ይደረግበታል፣ ውል ይፈጸምበታል። ጋብቻ የሚጀመረው በረንዳው ላይ፣ ከበሩ ፊት ነበር። ቃል ኪዳኑ እዚያ ይፈጸምና ከዚያ በኋላ ለቅዳሴ ወደ ውስጥ ይገባል። ገንዘብ ሲያስፈልግ ደግሞ የመንደሩ ሰው ቢራ ጠምቆ ድግስ ይደግስና ይሸጣል፤ ትርፉ ለጣሪያው ወይም ለደወሉ ይውላል። የዚህ ዓይነት ድግስ ከአጥቢያዎቹ ዋና የገቢ ምንጮች አንዱ ነበር። በኋላ የመጡት አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች ነገሩን አምርረው ጠሉት።

ግድግዳው ሁልጊዜ እንዲህ ነጭ ነበር?

በጭራሽ! ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነበር። በሩን ገባ ስትሉ ፊት ለፊት ብዙ ጊዜ የምታገኙት ሕፃኑን ጌታ በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ የሚሻገረውን ቅዱስ ክሪስቶፎርን ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ካለው ቅስት በላይ ደግሞ የፍርድ ቀን ይሳላል። ማንበብ የማይችለው ሰው ቀና ባለ ቁጥር መጨረሻውን ያያል።

ከነዚህ የፍርድ ቀን ሥዕሎች የአንዱን ታሪክ ልንገራችሁ። በሳፎክ ዌንሃስተን በሚባል መንደር፣ ከ1500 በኋላ ብዙም ሳይቆይ የተሳለ ነው። የተሳለው በእንጨት ሳንቃ ላይ ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኖራ ተቀባና ተረሳ። በ1892 ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ ሠራተኞች አሮጌ ሳንቃ ነው ብለው ነቅለው ግቢው ውስጥ ጣሉት። ሌሊት ዝናብ ዘነበ። ኖራው ታጠበ። ጠዋት ሲመጡ ፊቶች ያዩአቸዋል።

ሥዕሉ ዛሬም እዚያው አለ። ክርስቶስ ቀስተ ደመና ላይ ተቀምጧል። ቅዱስ ሚካኤል ነፍሳትን በሚዛን ይመዝናል። ቅዱስ ጴጥሮስ ፊት ንጉሥም ንግሥትም ጳጳስም ራቁታቸውን ቆመዋል፤ ዘውዱና ቆቡ ብቻ ራሳቸው ላይ ቀርቷል። መሐል ላይ ቀለም ያልነካው ባዶ ቅርጽ ይታያል። የስቅለቱ፣ የእመቤታችንና የዮሐንስ የተቀረጹ ምስሎች ተለጥፈውበት የነበረ ቦታ ነው። ምስሎቹ ተነቅለው ጠፍተዋል፤ ጥላቸው ግን እንዳለ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያጠፋው ማነው?

ሁለት ማዕበል ነው የመጣው። የመጀመሪያው የተሐድሶው ዘመን ነው፤ አገሪቱ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ተለይታ ፕሮቴስታንት የሆነችበት። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1534 ከሮም ተለየ፤ መንደር ድረስ የወረደው ለውጥ ግን በልጁ በኤድዋርድ ስድስተኛ ጊዜ የሆነው ነው። በ1547 እና በ1548 ምስሎች ከየቤተ ክርስቲያኑ እንዲወጡ ታዘዘ። ሥዕል ኖራ ተቀባ። የድንጋይ መንበር ፈርሶ የእንጨት ጠረጴዛ ገባ። በ1552 ደግሞ የመንግሥት ሰዎች የየመንደሩን ጽዋና አልባሳት እየቆጠሩ መዘገቡ፤ አብዛኛውን በማግስቱ ዓመት ወሰዱት። ይህ ንብረት የመንደር ሴቶችና ወንዶች ሲሞቱ እየተናዘዙ፣ ላም እየሸጡ ያስገቡት ነበር። የሃይማኖት ክርክሩን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ዝርፊያው ያናድዳል።

ሁለተኛው ማዕበል የመጣው በ1640ዎቹ ንጉሡና ፓርላማው በተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነው። ዊልያም ዳውሲንግ የሚባል የሳፎክ ሰው ከ1643 መጨረሻ ጀምሮ ምስል እንዲያጠፋ ተሾመ። በካምብሪጅሸርና በሳፎክ ከ200 በላይ አብያተ ክርስቲያናት አዳርሷል። ያጠፋውን ሁሉ እየቆጠረ በማስታወሻ ይጽፍ ነበር፤ ይህን ያህል መስኮት፣ ይህን ያህል መልአክ እያለ። ለድካሙም ከየቤተ ክርስቲያኑ 6 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ያስከፍላል። አያቶቻቸው ያስገቡትን መስታወት ለሰባበረላቸው ሰው የልጅ ልጆቹ ከኪሳቸው ከፈሉ ማለት ነው።

ባለቀለም መስታወቱ ሳይነካ የተረፈበት ቦታ አለ? አለ፤ ፌርፎርድ። በግሎስተርሸር የሚገኘው ይህ ቤተ ክርስቲያን 28ቱም መስኮቶቹ ከ1500ዎቹ መጀመሪያ እስከ ዛሬ ዘልቀዋል። ከመካከለኛው ዘመን የተረፈ እንዲህ የተሟላ የመስኮት ስብስብ ያለው ሌላ የእንግሊዝ አጥቢያ የለም።

ጥቁሩ ሞት የመንደር አብያተ ክርስቲያናትን ምን አደረጋቸው?

ወረርሽኙ በ1348 ገባና ከአገሪቱ ሕዝብ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ጨረሰ። በሽተኛ የሚያናዝዙት ካህናት በብዛት አለቁ። ግንባታዎች መሐል ላይ ቆሙ።

በሄርትፎርድሸር አሽዌል በሚባል መንደር፣ የማማው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ አንድ ሰው በሹል ነገር ፍቆ የጻፈው የላቲን ጽሑፍ አለ። ዓመቱን 1350 ይላል። የተረፈው የሕዝቡ አተላ ብቻ ነው ምስክር ሊሆን፣ ይላል። ከሥሩ ቀጥሎ በ1361 ከሁለተኛው ወረርሽኝ ማብቂያ ላይ ኃይለኛ ነፋስ እንደነፈሰ ተጽፏል። ፊደሉ ተንጋዷል፣ መስመሩም ቀጥ አላለም። በእጅ ባትሪ ከጎን ሲያበሩበት ነው በደንብ የሚነበበው። ስለዚያ ዘመን ብዙ ሐተታ ተጽፏል፤ እንደዚህች ግድግዳ ግን ሆድ የሚያባባ አላገኘሁም።

በዮርክሸር ያለችው ዋራም ፐርሲ ደግሞ መንደሯ ራሷ የለችም። ከወረርሽኙ በኋላ ሰው ሳሳ። በኋላም ባለርስቶች ከእርሻ ይልቅ የበግ ጠጉር ያዋጣናል ብለው የቀሩትን ቤተሰቦች አስለቀቁ፤ በ1500 ገደማ ባዶ ሆነች። ከ1950 እስከ 1990 በየበጋው ቁፋሮ ተካሂዶባታል። ከቤተ ክርስቲያኑና ከመቃብር ቦታው ወደ 700 የሚጠጉ ሰዎች አጽም ወጥቶ ተጠንቷል። ከጥንቷ መንደር አሁን የቆመው ጣሪያ የሌለው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ጎኑን ብታዩ በድንጋይ የተደፈኑ ቅስቶች አሉ። ሕዝቡ ሲበዛ ጎኑ ሰፍቶ ነበር፤ ሲያንስ ደግሞ ያ ሁሉ ስፋት አላስፈለገምና አፍርሰው ቅስቱን ደፈኑት።

ታዲያ ትንሽ መንደር ውስጥ ካቴድራል የሚያህል ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው ለምንድን ነው?

በግ። አጭሩ መልስ ይኸው ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ምሥራቅ እንግሊዝና ኮትስዎልድ የሚባለው ኮረብታማ አገር በጠጉርና በጨርቅ ንግድ ከበሩ። ሳፎክ ውስጥ ላቨናም የ43 ሜትር ማማ አላት። ገንዘቡን ያወጡት በዋናነት ሁለት ወገኖች ናቸው፦ የኦክስፎርድ መስፍንና የስፕሪንግ ቤተሰብ የሚባሉት የጨርቅ ነጋዴዎች። ሁለቱም እንዳይረሱ አድርገው ነው የሰጡት። የመስፍኑ ኮከብና የነጋዴዎቹ ምልክት ድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። የነጋዴው ልብ ግን ጸሎትም ይፈልግ ነበር። ከሞት በኋላ ነፍስ ከኃጢአቷ በምትነጻበት ቦታ፣ በመንጽሔ፣ እንዳትቆይ ቅዳሴና ስጦታ ይረዳል ተብሎ ይታመን ነበርና።

ስለ በሮቹና ስለ ቀዳዳዎቹ የሚወራው እውነት ነው?

ግድግዳው ላይ ያለችው ሰያፍ ቀዳዳ የለምጻሞች መስኮት ናት ይባላል። አይደለችም። ለምጽ ያለበት ሰው ግቢው ውስጥ እንዲገባም አይፈቀድለትም ነበር። ሰያፎቹ ቀዳዳዎች ጥግ ላይ ያለ ሰው ወይም በጎን መንበር የሚቀድስ ካህን ዋናውን መንበር እንዲያይ የተበጁ ናቸው።

የሰሜኑ በር የሰይጣን መውጫ ነው የሚለውም ወሬ ነው። ዑደት ሲደረግ የሚወጣበት በር ነበር። ዑደት በተሐድሶው ሲቀር ብዙው በር ተደፈነ።

የጥምቀት ገንዳው ጠርዝ ላይ የተሰበረ ብረት ካያችሁ ግን እሱ የእውነት ታሪክ አለው። በ1236 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ኤድመንድ ገንዳው በክዳን ይቆለፍ ብሎ አዘዘ። ሰው የተባረከውን ውኃ ለአስማት እየሰረቀ አስቸግሮ ነበር።

በሄርፎርድሸር ኪልፔክ ጣሪያ ሥር ስለተቀረጹት ነገሮችም ብዙ ይጠየቃል። በ1140 ገደማ የተሠራ ነው። ከ80 በላይ ቅርጾች ዙሪያውን ከበውታል፦ ውሻና ጥንቸል፣ ዘንዶ፣ አፏን የከፈተች ወፍ፣ እንዲሁም ኀፍረቷን ገልጣ የምታሳይ ሴት። ለምን እንደተቀረጸች የሚሰጠው ማብራሪያ ከተናጋሪው ጋር ይለያያል። ፍትወትን ለመገሠጽ ነው የሚሉም፣ ክፉ ዓይን ለመመለስ ነው የሚሉም አሉ።

የድሮ ቤተሰብ ስም እዚያ ይገኛል?

በ1538 የሄንሪ ስምንተኛ ዋና ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ አዘዘ። መጀመሪያ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ተራ ወረቀት ላይ ነበርና ተበላሸ። በ1598 ሁሉም ወደ ብራና ይገልበጥ ተባለ፤ በተለይም ኤልሳቤጥ ከነገሠችበት ከ1558 ወዲህ ያለው። ጸሐፊዎቹ ሥራ ማቅለያ አገኙ፤ ብዙ መዝገቦች በ1558 የሚጀምሩት ለዚህ ነው። ከ1538 በፊት የነበረ ገበሬ ስም ከፈለጋችሁ የኑዛዜና የግብር ሰነድ ነው የሚያዋጣችሁ። መዝገቦቹ ዛሬ በአብዛኛው በየአውራጃው ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል።

አሁን ማን ይጠግናቸዋል? ገብቶ ማየትስ ይቻላል?

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አብዛኞቹ ታድሰዋል፤ አንዳንዶቹ ከልክ በላይ። ልስን ተፍቆ ተጣለ፣ አሮጌ ወንበር ወጣ፣ የ15ኛው ዘመን መስኮት ወጥቶ የ13ኛውን የሚመስል አዲስ ገባ። ይህን በመቃወም ገጣሚውና የጥበብ ሰው ዊልያም ሞሪስ በ1877 የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን አቋቋመ። ማኅበሩ ዛሬም አለ። መርሁ ቀላል ነው፦ ጠግን እንጂ የድሮ አታስመስል።

አሁን ዋናው ሸክም የምእመናኑ ነው። የግዴታ የቤተ ክርስቲያን ግብር በ1868 ቀርቷል። እሑድ ጠዋት ጥቂት አረጋውያን ብቻ የሚመጡበት አጥቢያ የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሪያ ይጠግናል። በዚያ ላይ ሌባ ጣሪያው የተሸፈነበትን እርሳስ የሚባል ብረት ገፎ ይሸጣል። የሌሊት ወፍ ከገባ ደግሞ በሕግ የተጠበቀ ነውና ማባረር አይቻልም። መስኮት ለመቀየር ወይም ወንበር ለማውጣት ከሀገረ ስብከቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። አገልግሎት ካቆሙት መካከል ከ350 በላይ የሚሆኑትን በ1969 የተቋቋመ አንድ የጥበቃ ድርጅት ይንከባከባቸዋል።

መግባት ይቻላል። ብዙዎቹ ቀን ቀን ክፍት ናቸው፤ መግቢያም አይከፈልም። ከተቆለፈ በረንዳው ላይ ቁልፉ ማን ቤት እንዳለ የሚገልጽ ወረቀት ይለጠፋል፤ ሄዳችሁ ብታንኳኩ ደስ ብሏቸው ይሰጧችኋል። ስትወጡ በሩን መልሳችሁ ዝጉ፤ ወፍ ገብታ እንዳትቀር። የመዋጮ ሣጥኑ ብዙውን ጊዜ በሩ አጠገብ፣ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚገኘው።